ዘውዱ ለጆቪታ እንዳይደርስ

ኦዴት ከመድረኩ ጀርባ፣ ልብስ ከተከመረበት ጠረጴዛ ሥር ተወሽቃ ቀበቶውን ሆዷ ላይ አቅፋዋለች። ከአሮጌ የብር ሳንቲሞች የተሠራ፣ ከቅድመ አያታቸው የወረደ ቀበቶ ነው። ትንሽ ስትነቃነቅ ሳንቲሞቹ ስለሚንሿሹ ትንፋሿን እንኳ ቆጥባ ነው የምትስበው። ያለ ቀበቶ መድረክ መውጣት የለም። እህቷ ጆቪታ መድረክ ካልወጣች አትመረጥም። ካልተመረጠች ደግሞ አትሞትም።

የሰባት ዓመት ልጅ ሒሳብ ነው፤ ግን ቀዳዳ አልነበረውም። ትናንት አያቷ የጆቪታን ፀጉር ዘይት እየቀቡ የቁንጅና ምርጫውን ታሪክ ከሥሩ ተርከውታል። በጥንት ጊዜ ረሃብ ገባ። ፈጣሪም ከሴቶች ሁሉ ያማረችውን፣ አንዲት ልጁን ሁሚኖዱንን፣ እያለቀሰ በገዛ እጁ አርዶ በእርሻው ላይ ዘራት። ሥጋዋ ሩዝ ሆነ፤ ጥርሶቿ በቆሎ፣ ጣቶቿ ዝንጅብል። አያቷ ቀጥለው፣ በየመከሩ ቆንጆ የሚመረጠው እሷን ለማስታወስ ብቻ መሆኑን ተናግረዋል። ኦዴት ግን ያን ጊዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ጆሮዋን ደፍና ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ድርቁ ማሳቸውን አንድዶታል። ዛሬ ጠዋት አጎቷ ቤነዲክ የሩዝ ጠላውን በቀርከሃ እየመጠጠ፣ "ጆቪታ ዘውዱን ትድፋ እንጂ፣ ለከርሞ ጎተራችን ሞልቶ ይፈሳል!" ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ! አባቷም ገጀራውን ሲስል አርፍዶ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞክሮ፣ "ዛሬ ሥራ አለበት" ብሎ ወገቡ ላይ ታጠቀው። ለድግሱ ስለታሰረው አሳማ ማንም አልነገራትም።

"ነይ ውጪ! ሳንቲሞቹን ሰምቻቸዋለሁ።" የጆቪታ የጥቁር ከፋይ ቀሚስ ወርቃማ ጥለት ከጠረጴዛው እግር አጠገብ ቆመ።

"የለሁም።"

"የለሁም ትላለች ደግሞ! አንቺ ልጅ፣ ሰባት ብቻ ቀርተናል፤ አሁን ሊጠሩን ነው። ስጪኝ!"

"እታለም፣ አትሂጂ። በእናትሽ፣ አስቀያሚ ሁኚ።"

ጆቪታ ሳቋ አመለጣት። "ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኳኩዬ?"

"ፊትሽን አኮማትሪ። ምላስሽን አውጪባቸው። ዛሬን ብቻ!"

"ቀናሽብኝ እንዴ፣ የኔ ጦጣ? አይዞሽ፣ ያንቺም ተራ ይደርሳል።"

ኦዴት የራሷን ተራ አስባው አታውቅም ነበር። እጇ ሲላላ ጆቪታ ቀበቶውን መንጭቃ ወሰደች፤ ጉንጯን ሳመቻትና እየታጠቀች ሮጠች።

ኦዴት ከመጋረጃው ጠርዝ ሆና አየች። ከመድረኩ ጥግ የነሐስ ከበሮ ይመታል። ሌሎቹ ስድስቱ እንዲያምሩ ለእያንዳንዳቸው ጸለየች። ከተራራው ሥር የመጣችዋን ረጅሟን ልጅ በተለይ ተስፋ አድርጋባት ነበር፤ እሷ ግን ሁለተኛ ተብላ ተጠራች። ቀጥሎ የጆቪታ ስም ተጠራ፤ አዳራሹም በጩኸት ተናጋ። ዘውዱን ጫኑላት።

ከፊት ረድፍ አባቷ ተነሣ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። ወደ መድረኩ ደረጃ ሲራመድ ገጀራው ጭኑን ይመታዋል። የሁሚኖዱንም አባት እያለቀሰ ነበር!

ኦዴት መቼ እንደሮጠች አታውቅም። ራሷን ያገኘችው ከእህቷ ፊት ነው፤ እጆቿን ዘርግታለች። ሽንቷ በእግሯ ወረደ። ግን ንቅንቅ አላለችም።

"አባዬ፣ እንዳታርዳት! ሩዝ አልበላም! ሁለተኛ ሩዝ የሚባል አልበላም!"

ጆቪታ እንድትናገርበት የተሰጣት ድምፅ ማጉያ ቃሉን ለአዳራሹ ሁሉ አዳረሰው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አጎቷ ቤነዲክማ ወንበሩን ይዞ ተንፈራፈረ። አባቷ ከደረጃው መሐል ደርቆ ቆመ። ከዚያ እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድ ኦዴት ዓይኗን ጨፈነች።

ከባድ ነገር እንጨት ላይ ሲያርፍ ሰማች። ዓይኗን ስትገልጥ ገጀራው ከነሰገባው ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ አባቷ ባዶ እጁን ፊቷ ተንበርክኳል።

"ልጄ፣" አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ "እኔን ነው እንዲህ የፈራሽው?"

አያቷ አልሳቁም። ከዘራቸውን ተደግፈው ከመቀመጫቸው ተነሡና ሰውን ሁሉ ዞር ብለው አዩት።

"ምን ያስቃችኋል?" አሉ። "ሁሚኖዱን እኮ ታናሽ እህት አልነበራትም።"

ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ጆቪታ ዘውዷ ጆሮዋ ላይ እንደተንጋደደ ቁጭ ብላ ኦዴትን ወደ ደረቷ ሳበቻት። ኦዴት የእህቷን እጆች ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቆጠረች። አሥር ሆኑ። አላመነችም፤ እንደገና ከአንድ ጀመረች።