ለሙከራ የተከፈተው አየር

ሕይወቱን ለየትኛውም ዕቃ አምኖ የማይሰጠው አምባቸው የመጀመሪያ የመጥለቂያ ዕቃውን ሊመርጥ ጣና ዳር ካለው የጀላሉዲን ሱቅ ገና በጧት ደረሰ። መነጽሩንና የእግር መቅዘፊያውን ወዲያው መረጠ፤ የአየር ሲሊንደሩን ግን ተጠራጠረ።

«ይህ ሲሊንደር ሌላ ሰው የተጠቀመበት ነው» አለ።

«ወላሂ ጋሼ፣ መተንፈሻውን ማንም አፉ አላስገባውም! ባለቤትዎንም እንዲህ መርምረው ነው ያገቧት?»

«እሷን ይዤ ውኃ ውስጥ አልገባሁም። ክፈተው።»

ጀላሉዲን መተንፈሻውን በቱቦ ከሲሊንደሩ ጋር አያይዞ ቫልቩን ከፈተ። የግፊት መለኪያው ሁለት መቶ አሳየ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን መርፌው ዝቅ አለ፣ ቆመ፣ ደግሞ ዝቅ አለ።

«ያፈሳል!» አለ አምባቸው።

ጀላሉዲን መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አንድም ቦታ አልተንፈቀፈቀም። አምባቸው ሰዓቱን እያየ ቆጠረ። መርፌው የሚወርደው በደቂቃ ዐሥራ አምስት ጊዜ ነበር፤ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው፣ ሳይቸኩል።

«ዝጋው!»

ቫልቩ ተዘጋ። መርፌው እየተንዘፈዘፈ ወደ ዜሮ ወረደ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው መተንፈሻ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ተሰረጎደ፤ ከዚያም የታፈነ ሰው እንደሚታገል ቶሎ ቶሎ ይመጠጥ ጀመር።

ጀላሉዲን ወደ በሩ ሸሸ። አምባቸው ግን በሁለት እጁ ቫልቩን መልሶ ከፈተው።

በመተንፈሻው ረጅም ትንፋሽ ተሳበ።