የነርሚን ማንኪያ

ቱርጋይ በኮምፒውተር ጨዋታው የመጨረሻውን ግንብ ሲይዝ፣ ሚስቱ ነርሚን ከኋላው ባዶ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቅዳሜ ሻይ የሚቀዳው እሱ ነው። ጨዋታው በተገዛ ሰሞን፣ መንሽ የያዙ ሦስት ገበሬዎች ብቻ ሲከተሉት፣ ስም ያወጣችላቸው እሷ ነበረች፤ አንዱ ሲሞት አልቅሳለታለች። አሁን አገሩ ሁሉ የሱ ሆኖ፣ መሳፍንቱ ተራ በተራ እየተንበረከኩ ያችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደግሙለታል።

«ኧረ ሌላ ቃል የላችሁም እንዴ? አሰለቻችሁኝ እኮ!» አለ ዓይኑን እያሸ።

«ቱርጋይ፣ ብርጭቆዬ ባዶ ነው» አለችው።

«መጣሁ የኔ ነፍስ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ሁልጊዜ የሚላት ያችኑ ስለሆነ፣ እያንዳንዷን ቃል አብራው በለሆሳስ አለቻት። ከዚያ ማንኪያዋን በብርጭቆዋ አፍ ላይ አጋደመች፤ በአገራቸው ልማድ ይህ ለቀጂው፣ በቃኝ ማለት ነው። ቀጂው ግን ጨዋታውን እንደ አዲስ ጀምሮ፣ ሦስት ገበሬዎች እየመለመለ ነበር።