ሃያ ሁለተኛው ብርጭቆ

«ይኼ ነው!» ይላሉ ጋሼ፣ ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጡ። «በቃ፣ አገኘሽው።»

ጆሮዬን ማመን ያቅተኛል። በዚህ ሆቴል ባር ከእሳቸው ሥር ስሠራ አራት ዓመቴ ነው፤ ምላሳቸው ስለማይስት ሠራተኛው ሁሉ «ሚዛኑ» ይላቸዋል። በጣፋጩ የመንደሪን አረቄ፣ በሊኬሩ፣ አዲስ ኮክቴል ፍጠሪ ካሉኝ ካለፈው ወር ወዲህ ሃያ አንድ ጊዜ ቀምሰው ሃያ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቅንቀዋል። «መንደሪኑ የት አለ?» ብቻ። ሁሉንም ማጠቢያው ውስጥ ደፍቻለሁ፤ አንዳንዱን እያለቀስኩ።

ዛሬ ከሰዓት የሆቴሉ ባለቤት መጥተው ይቀምሳሉ። ካልጣማቸው ከውጭ ሌላ ባለሙያ ይቀጥራሉ።

«ጣፋጩስ?»

«ልክ ነው። ሎሚው አልበዛም፤ መንደሪኑም መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። እጅሽ ይባረክ።»

በደስታ ልሰክር ምንም አይቀረኝም። መበጥበጫው ሼከር ውስጥ የተረፈውን ገልብጬ እጎነጫለሁ።

ጨው ነው። የሚያንገፈግፍ ጨው። ሮጬ ማጠቢያው ላይ እተፋለሁ። ጠዋት ኩሽና ገብቼ ስኳር ብዬ ያሟሟሁት ጨው ኖሯል።

«ጋሼ፣ ጨው እኮ ነው!» እስቃለሁ። «እያሾፉብኝ ነው አይደል?»

አይስቁም። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ጨው?» ይላሉ ቀስ ብለው።



«ያ ክፉ ጉንፋን ከጣለኝ ወዲህ ነው» ይላሉ። «ሰባት ወር ሆነኝ። ዛሬ ነገ ይመለሳል ስል… ምላሴ እንጨት ሆኗል፣ አፍንጫዬም የለም። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳት። ምግቡ ጣመህ ወይ ስትለኝ፣ ጣመኝ እላለሁ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ የደፋሁት?»

«መንደሪኑ የት አለ ስልሽ ውሸቴን አልነበረም፤ አጥቼው ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ዓይንሽ ሥር ጠቁሮ አየሁ። አንጀቴን በላሽው።»

ዓይኔን ወደ ማጠቢያው አዞራለሁ። ሰባተኛው ብርጭቆ ጥሞኝ ነበር። በጣም ጥሞኝ ነበር። ጋሼ አይደለም ካሉ አይደለም ብዬ፣ በገዛ እጄ ደፋሁት። ውስጡ ምን ያህል ምን እንደነበረ እንኳ አልጻፍኩትም።

«እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክር» ይላሉ፣ ድምፃቸው እየሰለለ። «ልጣጩን አፍንጫዬ ሥር ጭመቂልኝ። ምናልባት…» ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ከአንድ መንደሪን ልጣጭ እቆርጥና፣ ጠጋ ብዬ እጥፍ አድርጌ እጨምቀዋለሁ። ሽታው ባሩን ይሞላዋል፤ ዓይኔን ሳይቀር ያቃጥለኛል። ደቃቃ የዘይት ጠብታዎች ነጭ ሪዛቸው ላይ ያበራሉ።

ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ።

«ጨመቅሽው?» ይሉኛል።