የነጃት ሹሩባ

እናቷ ከሪያድ የተመለሰች ዕለት፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሊል የመጣ ጎረቤት ሁሉ የነጃትን ሹሩባ ሲያደንቅ ዋለ። ደቃቅ ነው፤ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እናቷ ጥላት ስትሄድ ገና ጡት ያልጣለች ነበረች። አሁን ተማሪ ናት።

«ማነው እንዲህ አሳምሮ የሚሠራት?» አለች እናት፣ የልጇን ራስ እየዳሰሰች።

«ሴት ቀጥሬላት ነው» አለ ባሏ ቶሎ ብሎ።

«እጇ ይባረክ! ለኔም የልጅ ልጆች ትምጣልኝ እንጂ» አሉ ጎረቤታቸው እማማ ዘምዘም። «የማን ልጅ ናት?»

ነጃት ከእናቷ ጉያ ብቅ አለች።

«ሴት አይደለችም፤ አባ ነው! በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራኝ። ቅቤም ይቀባኛል። ሲያመኝ ደግሞ ይዘፍንልኛል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ወይ ጉድ! ሚስት አረብ አገር፣ ባል ሚዶ ይዞ!» አሉ እማማ ዘምዘም፣ እንባቸውን እየጠረጉ። እናትም ሳታስበው አብራ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት እናት ስትነቃ አባትና ልጅ ቤት ውስጥ የሉም። ወደ ደጅ ስትወጣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ አየቻቸው። ልጅቷ ፎጣ ተከናንባ ታለቅሳለች።

እናት ፎጣውን ገለጥ አደረገችው። ነጃት ሙልጭ ተደርጋ ተላጭታለች።

አባት ቀና ሳይል አልፏቸው ወደ ቤት ገባ።

«እማ» አለች ነጃት፣ «ሁለተኛ አልናገርም ብዬው ነበር እኮ።»