ዊልፍ ጋሪቲ እንዳይገባ

ለንደን፣ ደትፎርድ ሰፈር ውስጥ ያለችው ያቺ አጭር መንገድ ለቀረጻ ተብላ ወደ 1962 ተመልሳለች። መኪኖቹ ተነሥተዋል፣ የዲሽ ሳህኖቹ ተሸፍነዋል፣ ጥግ ላይ ያለው የሞባይል ሱቅ የዓሣና የድንች ጥብስ ቤት ሆኗል። መግቢያው ላይ አንዲት ጠባብ የጥበቃ ቤት ቆማለች። መስኮቷ ላይ የአንድ ሰው የድሮ ፎቶ ተለጥፏል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር፣ ወፍራም ጥቁር ሪዝ። ከሥሩ በትልልቁ «ዊልፍ ጋሪቲ፣ እንዳይገባ» ይላል።

ያንን ሪዝ የማያውቅ እንግሊዛዊ የለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ዊልፍ «ጨው በነፃ» በተባለው አስቂኝ ድራማ ላይ ስታንን፣ ያንን አጭበርባሪ ጥብስ ሻጭ፣ ሆኖ ሲሠራ አገሩ እሑድ ማታ ከቤቱ አይወጣም ነበር። አሁን የስታን የልጅነት ታሪክ እየተቀረጸ ነው፤ ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ እንባ። ዊልፍ ይህን እንደሰማ ለጋዜጣ ቃሉን ሰጠ። «የስታንን አያት የምሠራው እኔ ነኝ። በቦይም ቢሆን እገባለሁ።»

ዊልፍ ዝም ብሎ የሚዝት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አብሮት የሠራው ዳይሬክተር አናት ላይ ሙሉ ማንቆርቆሪያ ሻይ ደፍቷል። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሰጠው የለም።

የአሁኗ ዳይሬክተር ፊሊፓ ሻይ የምትወደው በኩባያ ነው። ዛሬ በመንገዷ ላይ የመጨረሻ ቀኗ ስለሆነ ጭንቀቷ በዝቷል። የቀራት የአያትየው ትዕይንት ብቻ ነው፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ካልቀረጸችው የቴሌቪዥን ጣቢያው ድራማውን እንደሚሰርዘው ቁርጡን ነግሯታል።

«ሌስ፣ አደራህን» አለችው ጥበቃውን። «ፎቶውን ደጋግመህ እየው።»

ሌስ ጉልበቱን የሚያመው ወፈር ያለ፣ ራሰ በራ፣ ፊቱን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሽማግሌ ነው፤ በር ሲጠብቅ ዓመታት አልፈውታል።

«እኔ እንኳ ፎቶው አያስፈልገኝም» አላት። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰውዬው ሥራ ሲያጣ፣ የገና በዓል በመጣ ቁጥር የልጆች ቲያትር ላይ ቀሚስ ለብሶ አሮጊት ይሠራ ነበር። ወንድ ብቻ አትጠብቂ።»

ፊሊፓ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ፊት ለፊት ወዳለው መስኮት ሄደ። ሚስስ ቲድማን የተባሉ ትከሻ ሰፊ አሮጊት እዚያ ተቀምጠው ውለው ያመሻሉ። ቀረጻው በቆመ ቁጥር አስተያየት አያጡም።

«ልጁ ሲራመድ ጫማው የጠበበው ይመስላል፣ የኔ ቆንጆ» አሏት አሁንም። ድምፃቸው ወፍራም ነው። ፊሊፓ ነገሩ ሸተታት።

ልጁ የተባለው ወጣቱን ስታን የሚሠራው ካለም ነው። በሩ አጠገብ ቆሞ ሽርጡን በአንድ እጁ ለማሰር ይታገላል። የድሮው ስታን ወደ ኋላ ሳያይ እንደዚያ ያስር ነበር፤ ካለም ግን ክሩን በጣለ ቁጥር ይራገማል።

«በአውራ ጣትህ ያዘው» አለው ሌስ ከጥበቃ ቤቱ።

«አንተ ከየት አወቅኸው፣ አለቃዬ?»

«በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

ረፋዱ ላይ አንድ ሪዛም ሽማግሌ በታክሲ ደረሰ። «ተዋናይ ነኝ፤ እየጠበቁኝ ነው» አለ።

«አዎ፣ ስንጠብቅህ ነው የሰነበትነው» አለ ሌስ። ሽማግሌው ጮኸ፣ ተሳደበ። ሌስ በትሕትና መልሶ ታክሲው ውስጥ አስገባው። ፊሊፓ ወሬው ሲደርሳት ሮጣ መጥታ የሌስን ጉንጭ ሳመች።

ከሰዓት በኋላ ግን አያትየውን ሊሠራ የተቀጠረው ሚስተር ፕላት የውሃ ሽታ ሆነ። ፊሊፓ ደወለችለት።

«ከበር ያባረረኝ ጥበቃሽ አይደል?» አለና ዘጋባት።

ፊሊፓ ወደ ሌስ ሄደች። ሌስ አንገቱን ደፋ።

«ሪዙ ነው ያሳሳተኝ» አለ።

«ስለዚህ ዊልፍ ገና አልተያዘም ማለት ነው?»

«ቅርብ ሳይሆን አይቀርም።»

ይሄኔ ሚስስ ቲድማን መስኮታቸውን ከፈቱ። «አያት ጎደለሽ አሉ፣ የኔ ቆንጆ። እኔ ብሠራልሽስ?»

ፊሊፓ መንገዱን ተሻገረች። ፈገግ ብላ «ክር ይዞዎታል» አለችና ፀጉራቸውን ጨብጣ ሳበች። ፀጉሩ ንቅንቅ አላለም። አሮጊቷ እጇን በጥፊ አጮሉት።

«የራሴ ነው» አሉ። «የጥርሴን ብትጠይቂኝ ይሻል ነበር።»

ፀሐይዋ ጣሪያው ጫፍ ደርሳለች። ፊሊፓ እግረኛው መንገድ ላይ ቁጭ አለች። ያለቀሰች እንዳይመስልባት አፍንጫዋን ታብሳለች።

«ሌስን ሞክሪው» አላት ካለም። «የአያትየው ንግግር አጭር ናት፤ እኔ ስለማመድ ሰምቶ ሸምድዷታል።»

«እኔ?» አለ ሌስ። «በሩንስ ማን ይጠብቀዋል?»

«በሩ ገደል ይግባ» አለች ፊሊፓ።

የአያትየውን ካፖርትና ሽርጥ አለበሱት። ካሜራው ተነሣ። ሌስ ሽርጡን ከራሱ ወገብ ፈትቶ በልጁ ወገብ ዙሪያ አዞረው፤ ክሩንም በአንድ እጁ፣ ሳያይ፣ አሰረለት።

«ይሄ ሽርጥ የኔ ነበር» አለው። «ለጊዜው ይሰፋሃል። ታድግበታለህ።»

ካለም ማልቀስ አልነበረበትም፤ አለቀሰ። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ሽማግሌውን አፍጥጦ ያየው ጀመር። ሚስስ ቲድማን እንኳ አስተያየት አልሰጡም። መድገም አላስፈለገም፤ ጀምበሯ ከዚያ በኋላ ጠለቀች።

ፊሊፓ ሌስን አንቃ የምትገድለው እስኪመስል አቀፈችው። «ስምህ መጨረሻ ላይ ከተዋንያኑ ጋር ይወጣል» አለችው። «ሌስ ማን ብዬ ላስጽፍ?»

ሌስ ፎቶውን ከጥበቃ ቤቷ መስኮት ላይ ላጥ አድርጎ አመጣላትና፣ «ስሙ ከሥሩ አለልሽ» አላት። «‹እንዳይገባ› የምትለዋን ብቻ አውጫት።»