የሄልቪ አርባ መስመር

ኦስሞ ያልተፈረመ ውል ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ይራመዳል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው፤ ለልጆቹ ግን ስድሳ ብሎ ሊያወራው ከወዲሁ ወስኗል። በረዶው መቶ ዝሆን ያስጨፍራል። እሱ ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀስ ብሎ ይረግጠዋል።

ጡረተኛዋ የሒሳብ አስተማሪ ሄልቪ በረዶውን በስተው፣ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ኦስሞ ለዓለም በነጻ የሚያድለው የመርከብ ጉዞ ማስያ ፕሮግራም በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ቀን ረስቶ ሲዘባርቅ፣ ሄልቪ ስህተቱን የሚያርም አርባ መስመር ኮድ ጽፈው ላኩለት። እሱም «እሺ» ብሎ መለሰ። ፊንላንዳዊ ከዚህ በላይ ቢያመሰግን ሁለቱም ያፍራሉ። መብቱን በፊርማ ይስጡኝ ብሎ መጠየቅማ ጭራሽ ነውር ነው።

አሁን አንድ የመርከብ ሞተር ኩባንያ ፕሮግራሙን፣ ኮዱን ለማንም ሳያሳይ፣ ምርቱ ውስጥ ቆልፎ ለመያዝ ፈቃድ ሊገዛ ነው። ክፍያው ኦስሞንና ሁለት ባልደረቦቹን ሦስት ዓመት ሥራቸው ላይ ያቆያል። ካልሆነ ኦስሞ ሰኞ ባንክ ይቀጠራል፤ ፕሮግራሙም ጠባቂ ያጣል። ሄልቪ ካልፈረሙ ደግሞ የእሳቸው የሆነው አርባ መስመር አይሸጥም፤ ያለ እሱም ፕሮግራሙ አይሠራም።

ኦስሞ ቀዳዳዋ ዳር ደርሶ ይቆማል።

«ዓሣዬን ልታስበረግግ ነው የመጣኸው?»

ኦስሞ ጉዳዩን ይነግራቸዋል።

«ለሰው ሁሉ የሰጠሁትን ልትሸጥብኝ?»

«ነጻው ነጻ ነው። በእኛው ፕሮግራም ላይ የሠራውን መልሶ ለሰው የሚከፍት ሳንቲም አይከፍልም። የሚከፍለው ልቆልፍ ያለ ብቻ ነው።»

«ቋጣሪው ለጋሱን ይቀልባል በለኛ።»

«እንደዚያ ነው።»

«አርባ መስመር ምን አላት? ራስህ አትጽፋትም?»

«ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ዞሮ ዞሮ የሚወጣው የእርስዎው ነው።»

የሄልቪ ከንፈር ዳር በፀጉር ስፋት ከፍ ይላል። እዚህ አገር ይህ እልልታ ነው።

«ውሉ ላይ አንድ መስመር በእጄ እጨምራለሁ። ነጻው በር እንዳይዘጋ።»

«ይጨምሩ።»

እስክሪብቶውን ተቀብለው ወረቀቱ ላይ ይጭራሉ። ምንም የለም። ቀለሙ በረዶ ሆኗል።

«የኮምፒውተር ሊቅ፣ እርሳስ እንኳ የለህም?»

«ጠበቆቹ እርሳስ አይቀበሉም።»

ሄልቪ እስክሪብቶውን ካፖርታቸው ስር፣ ብብታቸው ውስጥ ይወትፉታል። ከዚያም ትርፍ ባልዲ በእግራቸው ወደ እሱ ይገፋሉ።

ኦስሞ ባልዲውን ገልብጦ ይቀመጣል። ቀለሙ እስኪቀልጥ ሁለቱም ቀዳዳዋን ያያሉ። የመንጠቆው ክር አንዴ ንቅንቅ ይላል።