ስንት ሞላሽ፣ ልጄ?

የሳፋ ፋብሪካው ትልቁ መጭመቂያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ በቫልቭ አልፎ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ ወርዶ ጠፍጣፋውን ቆርቆሮ ሳፋ ያደርገዋል። ቸኩሎ ከወረደ ቆርቆሮው ይቀደዳል።

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቫልቩን በእጃቸው ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩት ጋሽ ቀስታ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው። ዘንድሮ ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቫልቭ ተገዛ። የሻጩ ሰዎች ገጥመውት ሄዱ፤ ፍጥነቱን የምታስተካክል ወጣት መሐንዲስ ተቀጠረች። ጋሽ ቀስታም ግራሶ እንዲቀቡ ወደ ማሽኑ ጀርባ ተዛወሩ።

ሥራ አስኪያጁ ነገር አላንዛዛም።

«አንድ ወር ሰጥቼሻለሁ። በወሩ መጨረሻ ገዢዎች ፊት ካልሠራ፣ አንቺም ቫልቭሽም ወደ መጣችሁበት።»

የመጀመሪያው ቀን ፒስተኑ ንቅንቅ አላለም። መሐንዲሷ ምሳ ሳትበላ ዋለች፤ ወደ ማታ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። በማግስቱ ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱን አርባ ብላ ስትሞላ ግን ፒስተኑ ሸርተት ብሎ ወረደ። ልትጨፍር ምንም አልቀራት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ጋሽ ቀስታ ከማሽኑ ጀርባ አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ።

«ስንት ሞላሽ፣ ልጄ?»

«ሠላሳ።»

«ሠላሳ። ይሁን።»

አንድ ቀን ሆን ብላ ዝም አለቻቸው። ፒስተኑ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ድንገት ዘለለ፤ ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተቀደደ። ሌላ ቀን እሳቸው ሻይ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ ሞከረች፤ ማሽኑ ጭራሽ ለገመ።

«ነገሩ ገብቶኛል» አለች ለእህቷ። «እንጀራዬን ነጠቀችኝ ብለው ነው። ቁጥሩን የሚጠይቁኝ ለተንኮል ነው።»

«ታዲያ ለአለቃሽ አትነግሪውም?»

«አባቴን የሚያህል ሰው እንዴት ብዬ እከሳለሁ? ገዢዎቹ ለሚመጡባት ቀን ብቻ ዘወር ይበሉልኝ።»

ፈቃድ አስወጣችላቸው። ጋሽ ቀስታ ወረቀቱን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ነገን እንኳ ልዋል። ከነገ ወዲያ አርፋለሁ።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ ይረፉ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ትክ ብለው አዩዋት። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ ሥራ አስኪያጁ ባጠገባቸው አለፈ፤ መልሰው ዘጉት።

በማግስቱ ገዢዎቹ ማሽኑን ከበው ቆሙ። መሐንዲሷ አርባ ሞላችና ቁልፉን ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ» ብላ ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞረች። ከቫልቩ ጎን፣ ለክፉ ቀን ተብላ የተተወች፣ ቫልቩን በእጅ የምትከፍት ማንሻ አለች፤ ጫፏ በመዳፍ ብዛት ተወልውሎ ያበራል።

የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ወደ ቫልቩ የሚያደርሰው ሽቦ ከማንሻዋ ሥር ሳይሰካ ተንጠልጥሏል፤ አዲስ ሆኖ ሲመጣ መሰኪያውን የሸፈነው ላስቲክ ገና አልወለቀም።